የኦቦ ኦሊቃ አርባ ሺህ ነጥብ

ኦሊቃ ጉታ አንድ ነገር በነጻ ይጠራቀማል ከተባለ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ነው። በወጣትነቱ፣ የለስላሳ ቆርኪ ውስጥ የዕድል ጽሑፍ ይወጣ በነበረበት ዘመን፣ የአምቦን ሻይ ቤቶች ወለል እያጎነበሰ ለቅሞ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ቆርኪ አከማችቷል። ከዚያ ሁሉ ቆርኪ የደረሰው አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ብቻ ነበር። እሱንም ሲከፍተው ውስጡ «እንደገና ይሞክሩ» የሚል አገኘ። ኦሊቃ ግን ቅር አላለውም፤ ቆርኪውን ጠርጎ ወደ ማዳበሪያው ጨመረው።

በሥራው ላይ ግን ማንም አይቀልድበትም። በአንድ የዞን መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ሲሠራ አንዲት ፋይል ጠፍታበት አታውቅም። ለባለጉዳይ ግን ይህ ጥንቃቄው መከራ ነበር። ማመልከቻው ላይ «ደራርቱ»፣ ፋይሉ ላይ «ደረርቱ» የሚል ከሆነ ኦሊቃ ዘንድ ሁለት ሰዎች ናቸው። አብራው ያደገችውን የአክስቱን ልጅ ሳይቀር «እኔ የማውቀው ፋይሉን ነው፤ አንቺን አላውቅሽም» ብሎ ምስክር ይዛ እስክትመጣ ወደ ጌዶ መልሷታል። የአክስቱ ልጅ ምስክሩን ይዛ መጣች። ሰላምታውን ግን አቆመች።

ሚስቱ ካሰች የጤና ጣቢያ ነርስ ናት። አንዲት ልጃቸው ጊፍቲ ደምቢ ዶሎ አግብታ እዚያው ታስተምራለች። ደምቢ ዶሎ ከአምቦ በመኪና ሩቅ ነው፤ ካሰች ደግሞ መኪና ላይ ከተቀመጠች ጉደር ሳትደርስ ያስመልሳታል። ስለዚህ እናትና ልጅ የሚገናኙት በስልክ ነበር።

በ2014 ዓ.ም. አንድ ቀን ኦሊቃ ደመወዙን ሊያወጣ ባንክ ሲገባ የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ ኢዮሲያስ ወደ ቢሮው ጠራው። ኢዮሲያስ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ጭንቀታም ልጅ ነው። ዋናው መሥሪያ ቤት ሃያ ክሬዲት ካርድ ልኮበት «ለደንበኞች አድል» ብሎታል፤ ሃያውም መሳቢያው ውስጥ ናቸው። የጠየቀው ሰው ሁሉ «ዕዳ በኪሴ ይዤ ልዙር?» እያለ ይሸሸው ነበር።

«ኦቦ ኦሊቃ፣ ካርዱ የሚከፍለው የባንኩን ገንዘብ ነው» አለ ኢዮሲያስ። «እርስዎ በወሩ መጨረሻ ይመልሳሉ። በጊዜው ከመለሱ ወለድ የለውም።»

«ታዲያ ምን ያደርግልኛል? ካለኝ እከፍላለሁ፤ ከሌለኝ እተወዋለሁ።»

«በከፈሉ ቁጥር ነጥብ ይጠራቀምልዎታል።»

ኦሊቃ ሊነሳ ነበር፤ መልሶ ተቀመጠ። «ይጠራቀማል? በነጻ?»

«በነጻ። ለአሥር ብር አንድ ነጥብ። ነጥቡ ወደ አየር መንገድ ማይል ይዛወራል፤ ሁለት ነጥብ አንድ ማይል ይሆናል። ማይሉ ሲበዛ ደግሞ ትኬት ነው።»

«ደምቢ ዶሎ ድረስ?»

ኢዮሲያስ ወረቀቱን አገላበጠ። «ደርሶ መልስ ለአንድ ሰው አሥር ሺህ ማይል።»

ኦሊቃ በጣቱ ጠረጴዛው ላይ ጻፈ። ለሁለት ሰው ሃያ ሺህ ማይል፣ ማለት አርባ ሺህ ነጥብ። ካሰች ከጎኑ በመስኮቱ በኩል ተቀምጣ፣ ሳያስመልሳት፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ልጇ ዘንድ ስትደርስ ታየው። «አምጣው» አለ። ኢዮሲያስ ከደስታው ብዛት እስክሪብቶውን ለኦሊቃ ሰጥቶ ራሱ ሊፈርምበት የሚችል ሌላ እስክሪብቶ ሲፈልግ ቆየ።

ችግሩ የታወቀው ከዚያ በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ አምቦ ውስጥ ካርድ የሚቀበል ማሽን ኦሊቃ ያገኘው ሦስት ቦታ ብቻ ነበር፤ አንድ ነዳጅ ማደያ፣ አንድ ሆቴልና አንድ መድኃኒት ቤት። ኦሊቃ መኪና የለውም። ሆቴል የሚበላው ሰው ሲያገባ ነው፤ ያንንም የሚከፍለው ሙሽራው ነው። ጤናውም፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ የሚያኮራ ነበር። ጤፍ የምትሸጥለትን ሴት «በካርድ ትቀበያለሽ?» ብሎ ቢጠይቃት «ቁና እንጂ ካርድ የለኝም» አለችው።

አንድ ሳምንት ሲያስብ ሰነበተና መላ አገኘ። ከሥራ ሲወጣ በቀጥታ ማደያው ሄዶ ቆመ። ከባኮ በቆሎ ጭኖ የመጣ አይሱዙ ገባ። ሹፌሩ ሌንጮ የሚባል ወፍራም ሰው ነበር፤ ታንኩን አስሞልቶ ብሩን ሲያወጣ ኦሊቃ በመሀል ገባ።

«ናጋ ጅርታ፣ ወንድሜ! ጥሬ ብሩን ለእኔ ስጠኝ፤ ለማደያው እኔ በካርድ እከፍላለሁ።»

ሌንጮ ብሩን ወደ ደረቱ አስጠጋ። «ለምን ሲባል?»

«ለነጥብ።»

«የምን ነጥብ?»

«የአውሮፕላን።»

ሌንጮ ወደ ነዳጅ ቀጂዋ ዱሬቲ ዞረ። «ጤነኛ ናቸው?»

«መዝገብ ቤት ነው የሚሠሩት» አለች ዱሬቲ።

«እህ» አለ ሌንጮ፣ ነገሩ ሁሉ እንደ ገባው ሰው፤ ብሩንም ሰጠው።

ከዚያ ወዲህ የነቀምት መንገድ ሹፌሮች ኦሊቃን ለመዱት። «ኦቦ ነጥብ» የሚል ስምም አወጡለት። የተቀበለውን ጥሬ ብር ሳያድር ባንክ ያስገባል፤ ቢያድርበት እንቅልፍ አይወስደውም። ኢዮሲያስም ለዋናው መሥሪያ ቤት በላከው ሪፖርት ላይ «በአምቦ ከተማ የካርድ አጠቃቀም በአስደሳች ሁኔታ እያደገ ነው» ብሎ ጻፈ። ያ እድገት ኦሊቃ ነበር።

መድኃኒት ቤቱ ግን ጣጣ አመጣበት። ሰው ወረፋ ይዞ ያያል፤ አንዲት አሮጊት መድኃኒቷን ትቀበላለች፣ ኦሊቃ ካርዱን ያወጣል፣ ይከፍላል፣ አሮጊቷ ትመርቀዋለች። ብሩን ደጅ ወጥተው ሲቀባበሉ ግን ማንም አላየም። ወር ሳይሞላ «ኦሊቃ ለድሃ መድኃኒት ይገዛል» የሚል ወሬ ከተማውን ሞላው።

አንድ እሑድ ፓስተሩ ከስብከቱ በኋላ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «በመካከላችን ቀኝ እጁ የምትሰጠውን ግራ እጁ የማታውቅ ወንድም አለ» አለ። ኦሊቃ ማን ይሆን ብሎ ወደ ኋላው ዞረ። ከኋላው ያለው ሰው ሁሉ እሱን ያያል። ካሰች በክርኗ ጎሸመችው።

ኦሊቃ ደንግጦ ተነሳ። «ፓስተር፣ ስሕተት አለ። እኔ እንኳ ጥሬውን ብር እቀበላ…»

«ትሕትናውን እዩልኝ!» አለ ፓስተሩ። ቤቱ በእልልታ ተናጋ።

በማግስቱ ሦስት እውነተኛ ችግረኞች የሐኪም ማዘዣ ይዘው በሩ ላይ ተገኙ። ኦሊቃ ምን ያድርግ? እልልታውን መመለስ አይቻልም። ለሦስቱም ከኪሱ ገዛ። ማታ ካሰች ሳቋን ለመደበቅ ፊቷን ስታዞር «ምን ያስቅሻል?» አላት፤ «የእነዚህም ነጥብ እኮ ያው ነጥብ ነው።»

ሦስት ዓመት እንዲህ አለፈ። በ2017 ዓ.ም. ጊፍቲ ሄቨን የምትባል ልጅ ወለደች፤ በሰኔ ወርም ነጥቡ አርባ ሺህ ሞላ። በዚያው ሳምንት ኢዮሲያስ ደወለ። «ኦቦ ኦሊቃ፣ ቶሎ ይምጡ። አዲስ መመሪያ ወጥቷል። ሰኔ ሠላሳ ድረስ ያልተዛወረ ነጥብ ይቃጠላል።»

ኦሊቃ ክራቫት አስሮ ሄደ። ኢዮሲያስ የአየር መንገዱን የአባልነት ቁጥር ወደ ኮምፒዩተሩ አስገብቶ ቁልፉን ተጫነ። ኮምፒዩተሩ ቀይ ጽሑፍ አወጣ። እንደገና ተጫነ፤ እንደገና ቀይ።

«ስምዎ አልገጠመም» አለ ኢዮሲያስ። «እኛ ዘንድ በ‹ኬ› ነው የተጻፉት። አየር መንገዱ ዘንድ ደግሞ በ‹ኪው›፣ ያውም ሁለት ‹አይ›ና ሁለት ‹ኤ› አለው። ማን ነው ያስመዘገበዎት?»

«ጊፍቲ ናት በስልኳ። በቁቤ ጽፋው ነዋ። ትክክል ናት!»

«መታወቂያዎንስ እስቲ።» ኢዮሲያስ መታወቂያውን ወደ ብርሃን ያዘው። «ይሄ ደግሞ በ‹ኪው› ነው፣ ግን አንድ ‹አይ›። ኦቦ ኦሊቃ፣ እንደ ማሽኑ ከሆነ ሦስት ሰው ነዎት።»

ሌላ ሰው ቢሆን ይጮህ ነበር። ኦሊቃ ግን ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ እንዲህ ያለውን ቀይ ጽሑፍ በአፉ ሲናገር የኖረ ሰው ነው። ራሱን ነቀነቀና «ልክ ነው» አለ። «ማሽኑ ልክ ነው። እኔም አልቀበልም ነበር።»

ሁለቱንም ስም በመታወቂያው አጻጻፍ ለማስተካከል ባንኩም አየር መንገዱም የቀበሌ ደብዳቤ ፈለጉ። ቀበሌ ሄደ። የቀበሌዋ ጸሐፊ ጂቱ ደብዳቤውን ለመጻፍ ዝግጁ ነበረች፤ «ግን መጀመሪያ ከሚሠሩበት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ማረጋገጫ ያምጡልን» አለች።

«መዝገብ ቤቱ እኮ እኔ ነኝ፣ ልጄ።»

«እንግዲያማ አይቸገሩም» አለች ጂቱ።

ጂቱ ኦሊቃን አታውቀውም ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ኦሊቃ ለመዝገብ ቤቱ ማመልከቻ ጻፈ። ከቢሮው ወጥቶ በባለጉዳይ መስኮት ዞሮ አስገባው። ተመልሶ ገብቶ ተቀበለው፤ ቁጥር ሰጠው፣ ማኅተም መታበት። ከዚያ የራሱን ፋይል ከመደርደሪያው አወረደ። በ1986 ዓ.ም. በታይፕ የተጻፈው የቅጥር ደብዳቤው ላይ እንዲህ ይላል፦ «ኦሊቀ ጉታ።»

ኦሊቃ መነጽሩን አወለቀ። ጠረገው። መልሶ አደረገው። «ኦሊቀ» እንዳለ ነው።

በቀይ እስክሪብቶ ማመልከቻው ላይ ጻፈ፦ «አመልካቹ በፋይሉ ካለው ስም ጋር ስለማይገጥም ዝምድና የሌላቸው ሁለት ምስክሮች ያቅርብ።» ፈረመበት። በመስኮቱ በኩል ዞሮም ተቀበለው።

ይህን ሁሉ ከመተላለፊያው ሆኖ ሲያይ የነበረው አለቃው ቶኩማ መታገሥ አቃተው። «ኦሊቃ! ራስህ ነህ እኮ!»

«እኔ መሆኔን አውቃለሁ።»

«ታዲያ ፈርምና ጨርስ!»

«ኦቦ ቶኩማ፣ እኔ ማወቄ ማስረጃ አይደለም። የአክስቴን ልጅም አውቃት ነበር።»

ቶኩማ «ዋቃ!» ብሎ ወደ ቢሮው ገባና በሩን ዘጋ።

መጀመሪያ የመጣው ምስክር ፓስተሩ ነበር። እጁን ወደ ላይ አንስቶ «ይህ ሰው ኦሊቃ ነው፤ ከሠላሳ ዓመት በላይ አውቀዋለሁ፤ ትሑት፣ ለጋስ…» ማለት ሲጀምር ኦሊቃ እስክሪብቶውን አቆመ። «ፓስተር፣ ስሙን ብቻ። ለጋስነቱ በፋይሉ ላይ የለም።»

ሁለተኛዋ ዱሬቲ ነበረች፤ ከማደያው የሥራ ልብሷን እንደ ለበሰች መጣች። ኦሊቃ ከመስኮቱ በስተጀርባ ጉሮሮውን ጠርጎ «ምስክር፣ አመልካቹን በምን ስም ታውቂዋለሽ?» አላት።

ዱሬቲ አመልካቹን ለማየት ግራ ቀኝ ብትል ሌላ ሰው የለም። «እርስዎን ማለት ነው?»

«አመልካቹን።»

«ኦቦ ነጥብ።»

ኦሊቃ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። አምስተኛ ስም መሆኑ ነው። «ሂጂና አስቢበት፤ ነገ ተመለሽ» አላት። ዱሬቲ በማግስቱ ስሙን እጇ መዳፍ ላይ ጽፋ መጣች። በዚህ መሀል ሰኔ ሃያ ስድስት ሆነ። ኦሊቃ «ኦሊቃ ጉታ እና ኦሊቀ ጉታ አንድ ሰው መሆናቸውን አረጋግጣለሁ» ብሎ ጻፈ፤ ከሥሩም «ኦሊቃ ጉታ» ብሎ ፈረመ። ቀበሌዋ ተቀበለች፤ ባንኩ ተቀበለ፤ አየር መንገዱም በሁለተኛው ቀን ተቀበለ።

ሰኔ ሃያ ዘጠኝ ከሰዓት በኋላ ኦሊቃና ኢዮሲያስ ከኮምፒዩተሩ ፊት ተቀመጡ። «ኦቦ ኦሊቃ፣ ነጥቡ አንዴ ማይል ከሆነ ተመልሶ ነጥብ አይሆንም» አለ ኢዮሲያስ። «ልጫነው?»

«ተጫን።»

ጣቱን ሲሰነዝር መብራት ሄደ።

ጄኔሬተሩ ደጅ አለ፤ ናፍጣ ግን የለውም። ዘበኛው ጄሪካን ይዞ ሊሮጥ ሲል ኦሊቃ ነጠቀውና በክራቫቱ ማደያው ድረስ እየሮጠ ሄደ። አምስት ሊትር ናፍጣ ገዛ። ትንፋሹ ተቆርጦ፣ ላቡ በግንባሩ እየወረደ እንኳ በካርድ ነው የከፈለው።

ጄኔሬተሩ ተንኳኩቶ ተነሳ። ኢዮሲያስ ተጫነ። አረንጓዴ ጽሑፍ ወጣ። ሃያ ሺህ ማይል። ሁለቱ ሰዎች ተቃቀፉ፤ ዘበኛውም ነገሩ ባይገባውም አጨበጨበ።

ክረምቱ እስኪወጣ ጠብቆ ለመስከረም ትኬት ሊቆርጥ ደወለ። የአየር መንገዷ ሠራተኛ ድምፅ ለስላሳ ነበር። «በማይል የሚሰጠው ወንበር ማክሰኞ አንድ፣ ሐሙስ አንድ ነው የቀረው።»

«ሁለታችን ጎን ለጎን ነበር የምንቀመጠው፣ እመቤቴ። ሦስት ዓመት ያጠራቀምኩት ለዚህ ነው።»

«ሁለተኛውን ወንበር በገንዘብ መግዛት ይችላሉ።»

ኦሊቃ እንደ ተሰደበ ሰው ቀና አለ። «በገንዘብ?» አለ። «በገንዘብማ ማንም ይሄዳል!»

ስለዚህ ካሰች ማክሰኞ፣ እሱ ሐሙስ እንዲሄዱ ሆነ። ካሰች ሰኞ ዕለት በአዲስ ዓለም በኩል፣ ቢያስመልሰኝ ብላ ፌስታል በእጇ እንደያዘች፣ አዲስ አበባ ገባች። አውሮፕላኑ በአምቦ ላይ ነው የሚያልፈውና፣ ማክሰኞ ጠዋት በአራት ሰዓት ኦሊቃ መሥሪያ ቤቱ ግቢ ውስጥ ዣንጥላ ዘርግቶ ቆመ። አውሮፕላኑ ሰማዩ ላይ እንደ ዝንብ ብቅ ሲል ዣንጥላውን እያሽከረከረ «ካሱ! ካሱዬ!» እያለ ጮኸ። የሰው ኃይል ክፍል ሠራተኞች አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው ያዩት ነበር። ከሰዓት በኋላ ካሰች ደወለች።

«አየሽኝ?»

«አየሁህ! ጥቁሩን ዣንጥላ ይዘህ!»

ኦሊቃ ረቡዕ ወደ አዲስ አበባ እስኪሳፈር ድረስ ይህንኑ ለሰው ሁሉ ሲያወራ ቆየ። የመሥሪያ ቤቱም ሰው ልቡ ተነካና ሐሙስ ለእሱም ወጥተን እናወዛውዛለን ብሎ ተማማለ።

ሐሙስ ኦሊቃ በመስኮት በኩል ተቀመጠ። ከጎኑ የነበረው ጂራ የሚባል ጎልማሳ ነጋዴ ነው። አውሮፕላኑ ከፍ እንዳለ አስተናጋጇ የከረሜላ ሳህን ይዛ መጣች። «ስንት ነው የሚፈቀደው?» አላት ኦሊቃ። «እንደ ፈለጉ» ስትለው ለሄቨን፣ ለጊፍቲ፣ ለካሰችና ለአማቹ በየዓይነቱ እየመረጠ፣ ቀዩን መልሶ ቢጫውን እያነሳ ቆየ። ኪሱን ሞልቶ ወደ መስኮቱ ሲዞር ከታች አንዲት ከተማ ቆርቆሮዋ ያብለጨልጫል።

«ይኸው!» ብሎ የጂራን ክንድ ያዘ። «ያቺ ቤተ ክርስቲያናችን ናት! ያ ረጅሙ መሥሪያ ቤታችን! እዚያ ግቢው ውስጥ እንደ ጉንዳን የሚታዩት ባልደረቦቼ ናቸው!» መስኮቱን በመዳፉ እየደበደበ አወዛወዘ፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ጂራ በትከሻው በኩል አንገቱን አስግጎ አየ።

«ኦቦ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ ቀስ ብሎ። «ይሄ ጌዶ ነው። ተወልጄ ያደግሁበት ነው። ጉንዳን ያሉት የከብት ገበያው ነው።»

«አምቦስ?»

«ከረሜላ ሲመርጡ አለፍናት።»

ደምቢ ዶሎ ካሰች ሄቨንን ታቅፋ፣ ከጊፍቲ ጋር ቆማ ጠበቀችው። ገና ሳይሳሳሙ ስልኩ ጮኸ። ቶኩማ ነበር፤ ከኋላው የብዙ ሰው ሳቅ ይሰማል። «ኦሊቃ! ሃያ ሁለታችንም ወጥተን ነበር! ዘበኛችን ጣሪያ ላይ ወጥቶ አንሶላ አውለበለበልህ! አየኸን?»

ኦሊቃ በሕይወቱ በፋይል ላይ ያልሰፈረ ነገር አረጋግጦ አያውቅም። ሚስቱን አየ፤ ልጁን አየ። «አየኋችሁ» አለ። «አንሶላውንም ጭምር። ገለቶማ።»

ስልኩን ሲዘጋ ጆሮው ድረስ ቀልቶ ነበር። ለካሰች በሹክሹክታ የጌዶን ነገር ነገራት። ካሰች ሕፃኗን ለጊፍቲ አቀብላ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ፣ እስክትንገዳገድ ድረስ ሳቀች።

«ምነው?»

«አባ ጊፍቲ፣ ልንገርህ? እኔ ማክሰኞ ዓይኔን የገለጥኩት ጎማው መሬት ሲነካ ነው።»

ኦሊቃ ቆመ። «ዣንጥላው ጥቁር መሆኑን በምን አወቅሽ ታዲያ?»

«ሌላ ዣንጥላ አለን እንዴ?»

ያን ዕለት ምሳ ላይ ኦሊቃ ሄቨንን ጭኑ ላይ አስቀመጣት። ክራቫቱን ስታኝክም አልከለከላትም። እስኪመለስ ድረስም ከእጁ አላወረዳትም፤ ካሰችም ከልጇ ጋር እስኪበቃት አወራች። መመለሻው ላይ ካሰች እሑድ፣ እሱ ማክሰኞ ተሳፈሩ። ኦሊቃ በዚህኛው ጉዞ ከረሜላውን ሳያይ «አልፈልግም» አለ፤ ግንባሩን መስኮቱ ላይ ለጥፎም አምቦን ጠበቀ። ከነቀምት ጀምሮ ምድሩን ሁሉ ደመና ሸፍኖት ነበር።